ፀረ እንግዳ አካል የሌለው መከላከያ፦ ኦይስተርና ሽሪምፕ ከባክቴሪያ ጋር የሚያደርጉት ትግል



 የንግግሩ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶኛል። «ባሕር በሌለው ሀገር፣ ሕዝቡም በአብዛኛው ኦይስተርና ሽሪምፕ በማይቀምስበት ሀገር፣ የዛጎል ለበስ እንስሳት በሽታ ምን ያደርግልናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን አሁን ከምሰጥ ነገሩ ራሱ በመንገዳችን ላይ እንዲመልሰው እመርጣለሁ። በቅድሚያ አንድ ማሳሰቢያ፦ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦይስተር ከዐለት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። አይሸሽም፤ ያለው ምርጫ ዛጎሉን መክፈት ወይም መዝጋት ብቻ ነው። ቢዘጋ ይራባል፣ አየርም ያጥረዋል። ቢከፍት ባሕሩን ወደ ቤቱ ያስገባል። በአንድ ሚሊ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ በግምት አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ይገኛል። ያደገ ኦይስተር ደግሞ በሰዓት በርካታ ሊትር ውኃ በስንጥቡ ያጣራል። ስለዚህ በየሰዓቱ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ከአንድ ስስ የሕዋስ ሽፋን ጋር ይገናኛሉ ማለት ነው። ከዚያ ሽፋን ወዲያ ያለው ደምም እንደ እኛ ደም በዝግ ቧንቧ ውስጥ የሚመላለስ አይደለም፤ ከልብ ወጥቶ በሕብረ ሕዋሳቱ መካከል በነፃ ይፈስሳል። ሄሞሊምፍ የተባለው ይህ ፈሳሽ በጤነኛ ኦይስተር ውስጥ እንኳ ከባክቴሪያ የጸዳ አይደለም። በሰው ደም ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ ሲባል ሐኪም ይሮጣል፤ በኦይስተር ደም ውስጥ ግን የዘወትር ነገር ነው። ይህም ሆኖ እንስሳው ለብዙ ዓመታት ይኖራል።

በምን ይኖራል? በመማሪያ መጻሕፍቶቻችን እንደምናስተምረው የሰው የበሽታ መከላከያ ሁለት እርከን አለው። አንዱ ስንወለድ ይዘነው የምንመጣው ነው። ሁለተኛው በገጠመኝ የሚዳብረው፣ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርተውና ክትባትን ክትባት የሚያደርገው ነው። ኦይስተር፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ ሁለተኛው እርከን የላቸውም። ሊምፎሳይት የለም፣ ፀረ እንግዳ አካል የለም። ከዚህ ተነሥቶ መከላከያቸውን «ኋላ ቀር» ብሎ መጥራት ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር። እኔም ተማሪ ሳለሁ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍሁት ቃል ይኸው ነው። ዛሬ ቃሉን አልጠቀምበትም፤ ለምን እንደማልጠቀምበት ማስረዳት የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ ነው።

የዚህ ዘርፍ ታሪክ የሚጀምረውም ከባሕር እንስሳ ነው። በ1882 ኤሊ ሜችኒኮፍ በጣሊያኗ መሲና ከተማ ሳለ ብርሃን በሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ እሾህ ወጋ። በማግሥቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ። ፋጎሳይቶሲስ የምንለው፣ ሕዋስ ባዕድ ነገርን ከቦ የመዋጡ ሐሳብ ከዚያ ተወለደ። በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከፓውል ኤርሊክ ጋር ተካፈለ። ኤርሊክ የፀረ እንግዳ አካል ሰው ነበር፤ ሜችኒኮፍ የሕዋስ። ከዚያ በኋላ ለአብዛኛው የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሚዛኑ ወደ ኤርሊክ አጋደለ። ምክንያቱም ለመረዳት አያስቸግርም፤ ክትባት የሚሠራው በዚያ በኩል ነበርና።

አሁን ወደ ኦይስተሩ እንመለስ። ዋናው ተዋጊ ሄሞሳይት የሚባለው የደም ሕዋስ ነው። በሄሞሊምፉ ብቻ ሳይወሰን በሕብረ ሕዋሳት መካከል ይዘዋወራል፤ በስንጥቡና በሥጋው ገጽ ላይም ይገኛል። ቁስል ሲፈጠር የኦይስተር ደም እንደ እኛ ደም አይረጋም፤ ሄሞሳይቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ባክቴሪያ ሲያገኙ ይውጡታል፤ ከዋጡት በኋላ በኃይለኛ የኦክስጅን ውሁዶች፣ በአሲድና በኢንዛይም ያጠቁታል። መዳብንም በመርዝነት ይጠቀሙበታል፤ ባክቴሪያው ባለበት ከረጢት ውስጥ ያከማቹታል። በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ ሄሞሳይቶች ዲኤንኤያቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ባክቴሪያን እንደ መረብ እንደሚይዙበት አሳይቷል። ቀደም ሲል ይህ ባሕርይ የአጥቢ እንስሳት ነጭ የደም ሕዋሳት መለያ ይመስለን ነበር።

ሁሉም ግን ከመለየት ይጀምራል። ፀረ እንግዳ አካል የሌለው እንስሳ ወዳጁን ከጠላቱ በምን ይለያል? እያንዳንዱን ባክቴሪያ በስሙ አያውቀውም። የሚያውቀው ባክቴሪያዎች በጋራ የሚይዟቸውን፣ ሳይሞቱ ሊጥሏቸው የማይችሉትን የአካል ክፍሎች ነው፤ የግድግዳቸውን ፔፕቲዶግላይካን፣ የግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎችን ሊፖፖሊሳካራይድ። እነዚህን የሚለዩ ተቀባይ ፕሮቲኖች በእኛም ውስጥ አሉ። ልዩነቱ በብዛቱ ላይ ነው። የኦይስተር ሙሉ የዘረመል ንባብ በ2012 ከታተመ በኋላ ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ ቶል መሰል ተቀባዮችን የሚያመርቱ 83 ዘረመሎች አገኙ፤ በሰው ውስጥ 10 ናቸው። ሲ1ኪው የተባለውን ቅርጽ የያዙት የኦይስተር ፕሮቲኖች ደግሞ ከሦስት መቶ ይበልጣሉ። እኛ ጥቂት ዘረመሎችን እየቆራረጥንና እየገጣጠምን በሕይወት ዘመናችን እልፍ አእላፍ ፀረ እንግዳ አካላት እንፈጥራለን። የኦይስተር የዘር ሐረግ ግን በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ዘረመሎቹን እያባዛ፣ እያንዳንዱንም ቅጂ ለየት እያደረገ ትልቅ ክምችት አኑሯል። ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ጅምር አይደለም።

ከተለየ በኋላ የሚመጡት መሣሪያዎች ትንንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። ዲፌንሲን የባክቴሪያው ግድግዳ የሚገነባበትን ሊፒድ ሁለት የተባለ ጥሬ ዕቃ ይዞ ግንባታውን ያስቆማል፤ በተለይ በግራም ፖዚቲቭ ባክቴሪያዎች ላይ ይሠራል። ሌላው ፕሮቲን፣ ቢፒአይ፣ የግራም ኔጌቲቮችን ውጫዊ ሽፋን ያናጋል። ትልቁ ዲፌንሲን የሚባለው ደግሞ እርስ በርሱ ተሰብስቦ እጅግ ቀጭን መረብ ይሠራል፤ ባክቴሪያውም በመረቡ ውስጥ ተይዞ ይሞታል። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ደካማ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሲደጋገፉ ግን ኃይላቸው ከድምራቸው ይበልጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር እዚህ ላይ ከምሳሌነት አልፎ ቃል በቃል ሊወሰድ ይችላል።

ባክቴሪያዎቹ ግን ዝም ብለው አይመቱም። ከሁሉ የሚያሳስቡት ቪብሪዮ የተባለው ወገን አባላት ናቸው። ስሙ ለእናንተ እንግዳ አይደለም፤ ኮሌራን የሚያመጣው ቪብሪዮ ኮሌሬ የዚሁ ወገን ልጅ ነው። እነሆ ባሕር የሌላት ሀገራችን ከጉዳዩ ጋር ያላት አንዱ ዝምድና። የኮሌራው ባክቴሪያም የሰው አንጀት ብቻ ነዋሪ አይደለም፤ በውኃ ውስጥ ይኖራል፣ በጥቃቅን ክሩስታሺያኖች ቅርፊት ላይ ይጣበቃል።

ኤልጂፒ32 የሚል መለያ የተሰጠው አንድ የቪብሪዮ ዝርያ የሚሠራውን ተመልከቱ። በኦይስተር ሄሞሊምፍ ውስጥ ከሁሉ በብዛት የሚገኝ አንድ ፕሮቲን አለ። ኤልጂፒ32 በገጹ ላይ ባለው ኦምፕዩ በተባለ ፕሮቲን አማካይነት ይህን የኦይስተር ፕሮቲን በላዩ ላይ ይለጥፋል። ሄሞሳይቱም ፕሮቲኑን ሲያገኝ ተቀባዩን ዘርግቶ ባክቴሪያውን ይውጠዋል። መዋጡ ግን ለባክቴሪያው ሽንፈት አይደለም፤ የፈለገው መግቢያ ነው። ገብቶ የኦክስጅን ውሁዶችን ያከሽፋል፣ በከረጢቱ ውስጥ ሲከማች የነበረውንም መዳብ ኮፕኤ በተባለ ፓምፕ ከራሱ አካል ያስወጣል። ፓምፑን ያጠፉበት ዝርያ ኦይስተርን የመግደል አቅሙ ተዳክሟል። ሜችኒኮፍ የድል ምልክት አድርጎ ያየው መዋጥ እዚህ ላይ በር ሆኖ ተገኘ። ቪብሪዮ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ቪብሪዮ ኤስቱዋሪያነስ የተባለው በተመሳሳይ ጊዜ ያደጉ ኦይስተሮችን የሚገድለው ከሄሞሳይት ውጭ ሆኖ ነው።

በዚህ ዘርፍ ትልቁ ክርክር የተነሣው በፈረንሳይ ነው። የፓስፊክ ኦይስተር ወደ ፈረንሳይ የመጣው ቀድሞ ይረባ የነበረው የፖርቱጋል ኦይስተር በ1970 ገደማ በበሽታ ሲያልቅ ነው። የባሕር ዳርቻው ነዋሪ እርባታውን እንደገና ገነባ፤ ልጆቹንም አሳደገበት። በ2008 በጋ ግን ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ኦይስተሮች በገፍ ማለቅ ጀመሩ። አርቢው ከረጢቱን ሲከፍት ያገኘው አፉን የከፈተ ባዶ ዛጎል ነበር። በአንዳንድ ስፍራ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ፣ ከዚያም በላይ ሞቱ። የባሕሩ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሞቱ ይመለሳል፤ በየዓመቱም ተመለሰ። በ2010 በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ታየ።

ገዳዩ ማን ነው? አንዱ ወገን በሟቾቹ ውስጥ አዲስ ዓይነት የሄርፒስ ቫይረስ አግኝቶ «ቫይረሱ ነው» አለ። ሌላው ወገን በዚያው ሟች ውስጥ ብዛት ያላቸው ቪብሪዮዎችን አገኘና «ባክቴሪያው ነው» አለ። ሁለቱም ማስረጃ ነበራቸው። ይህ ለተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ነው፦ ከሬሳ ውስጥ አንድ ተህዋስ ማግኘት ገዳዩን ማግኘት አይደለም። ቫይረሱን በመርፌ ለኦይስተር መስጠትም አያዋጣም፤ መርፌው ራሱ የእንስሳውን የመጀመሪያ አጥር ጥሶ ይገባልና በባሕር ውስጥ የሚሆነውን አያሳይም።

ፍንጩ የመጣው ሙከራው ተፈጥሮን እንዲመስል ሲደረግ ነው። ከበሽታ በጸዳ ሁኔታ ያደጉ ኦይስተሮች በበሽታው ወቅት ወደ ባሕር ተወሰዱ፤ ታመው ሲመለሱ ከጤነኞች ጋር በአንድ ገንዳ ተቀመጡ። በሽታው ያለ መርፌ፣ በውኃው በኩል ተላለፈ። ተመራማሪዎቹ ከዚህ በኋላ የተቀባዮቹን ሕብረ ሕዋስ በየሰዓቱ ልዩነት እየወሰዱ መረመሩ። በ2018 በኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ የታተመው ውጤት ቅደም ተከተሉን ገለጠው። መጀመሪያ ቫይረሱ ሄሞሳይቶችን ራሳቸውን ይይዛል። በሄሞሳይቶቹ ውስጥ ባክቴሪያን የሚገድሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ምርት ይወርዳል። ቀጥሎ በእንስሳው ውስጥና በዙሪያው የነበሩት ባክቴሪያዎች በሕብረ ሕዋሱ ይራባሉ። ሞቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኦይስተሮቹ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲታከሙ ቫይረሱ እያለ እንኳ የሟቾቹ ቁጥር ቀነሰ። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘው ነበር፤ ቫይረሱ በሩን ይከፍታል፣ ባክቴሪያው ይገድላል። የኤች አይ ቪን ታሪክ የምታውቁ ይህ ቅርጽ እንግዳ አይሆንባችሁም። በሽታውን የተቋቋሙት የኦይስተር ቤተሰቦች የተለየ መሣሪያ ስለነበራቸው አይደለም የዳኑት፤ ቫይረሱን የሚገታውን ምላሽ ቀድመው ስለጀመሩ ነው። የተጋለጡትም ምላሹን ሰጥተዋል፤ ግን ዘግይተዋል።

ስለ ሽሪምፕ ባጭሩ ልናገር፤ ራሱን የቻለ ንግግር የሚፈልግ ነው። ክሩስታሺያኖች ኦይስተር የሌለው ነገር አላቸው። ደማቸው ይረጋል። ከዚህም በላይ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ኬኔት ሶደርሃልና ባልደረቦቹ በንጹሕ ውኃ ክሬይፊሽ ላይ ለአሥርት ዓመታት ያጠኑት አንድ የኢንዛይም ሰንሰለት አለ። የባክቴሪያ ወይም የፈንገስ ግድግዳ ቁራጭ ሲገኝ ኢንዛይሞቹ ተራ በተራ ይቀሰቀሳሉ፤ በመጨረሻ ፌኖል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም መርዛማ ውሁዶችንና ጥቁር ሜላኒን ያመርታል። ወራሪው በጥቁር ሽፋን ተከብቦ ይታሸጋል። በሽሪምፕ ቅርፊት ላይ የምናየው ጥቁር ነጥብ አንዳንዴ የዚህ ጦርነት ጠባሳ ነው።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ግን በደም ውስጥ ነው፤ ድክመቱም እዚያው ላይ ተገለጠ። በ2009 በቻይና፣ ቀጥሎ በቬትናም፣ በማሌዥያ፣ በታይላንድና በሜክሲኮ ሽሪምፕ ወደ ኩሬ በገባ በወሩ ገደማ የሚገድል በሽታ ተነሣ። በ2013 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዶናልድ ላይትነር ቡድን መንሥኤው ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ መሆኑን አስታወቀ። ባክቴሪያው በሆድ ዕቃ ውስጥ ይሰፍራል፤ ወደ ደም መግባት አያስፈልገውም። ፒርኤ እና ፒርቢ የሚባሉ ሁለት መርዞችን ይለቅቃል። መርዞቹም ጉበትንና ቆሽትን ያጣመረውን የሽሪምፕ የምግብ መፍጫ ክፍል ሕዋሳት ያራግፋሉ። ዘበኛው ሁሉ በደም ውስጥ ቆሞ ሳለ ጠላት ከማጀት ገብቶ ይጨርሳል። የመርዙ ዘረመል የሚገኘው ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊሻገር በሚችል ፕላዝሚድ ላይ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል።

አርቢው ምን ያድርግ? ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በኩሬ ውስጥ መጨመር ፈጣኑ ምላሽ ነበር፤ ያተረፈውም በአመዛኙ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ነው። በክፍት ባሕር ለሚረባ ኦይስተርማ ሐሳቡ ራሱ አይታሰብም። በገበያ ላይ «መከላከያን የሚያነቃቃ» እየተባለ ለሽሪምፕ መኖ የሚጨመር ዱቄት ሞልቷል። በእኔ ግምት አብዛኛው ከማስረጃው ቀድሞ የተሸጠ ነው። አንድ የደም መለኪያ ከፍ ማለቱ እንስሳው ከበሽታ ይተርፋል ማለት አይደለምና።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚኖር የፈረስ ኮቴ ሸርጣን የተባለ እንስሳ አለ፤ ስሙ ሸርጣን ቢሆንም ዝምድናው ለሸረሪት ይቀርባል። ፍሬደሪክ ባንግ በ1956 የግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ የዚህን እንስሳ ደም እንደሚያረጋ ጻፈ። ከዚያ ደም የተሠራው መመርመሪያ በ1977 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ፤ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒትና ክትባት የባክቴሪያ መርዝ እንደሌለበት ሲፈተሽ የኖረው በእርሱ ነው። ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚመረት ምትክ አለ። ባሕር አይታ የማታውቅ እናት ልጇን ስታስከትብ የአንድ የባሕር እንስሳ መከላከያ በመካከል ቆሞ ነበር ማለት ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁለተኛው መልሴ ይህ ነው። ሦስተኛውን ለመስጠት ወደ ወንዞቻችን እንውረድ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ ነው። የእነዚህ የአሜሪካ ዘመድ በሆነው ቀንድ አውጣ ደም ውስጥ ፍሬፕ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ዘረመላቸው በአንድ ግለሰብ ዕድሜ ውስጥ እንደሚለዋወጥ በ2004 ተዘግቧል። ፀረ እንግዳ አካል አይደሉም፤ ነገር ግን «ዛጎል ለበስ እንስሳ የተወለደበትን ብቻ ይዞ ይሞታል» የሚለውን አባባል አናግተውታል።

ይህ ወደ መጨረሻው ጥያቄ ያመጣናል፦ ያስታውሳሉ ወይ? ለኦይስተር የቫይረስን አርኤንኤ የሚመስል ሰው ሠራሽ ውሁድ ሲሰጠው ከሄርፒስ ቫይረሱ ለወራት እንደሚጠበቅ በተደጋጋሚ ታይቷል። በባክቴሪያ በኩል ያለው ማስረጃ የተደባለቀ ነው። የተገደለ ቪብሪዮ የተሰጠው ኦይስተር ሄሞሳይቱ በሁለተኛው ግጥሚያ የመዋጥ ኃይሉ እንደሚጨምር የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። በሽሪምፕ ላይ ግን ጥበቃው ታየ የሚሉም አልታየም የሚሉም ጥናቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ስለዚህ «ክትባት» የሚለውን ቃል ለአሁኑ እቆጥባለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን በ2022 የታተመ ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ የኦይስተር እጮችን በመጀመሪያዎቹ የሕይወታቸው ቀናት ከጤነኛ ኦይስተሮች በመጣ የባክቴሪያ ማኅበር አጋለጧቸው፤ ሌሎቹን እጮች ግን በተለመደው ንጹሕ ውኃ አሳደጓቸው። ከወራት በኋላ ከፈረንሳዩ በሽታ ጋር ሲገናኙ የተጋለጡት በተሻለ ቁጥር ተረፉ። የእነርሱ ልጆችም፣ ራሳቸው ምንም ሳይጋለጡ፣ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ ተረፉ። ለውጡ በዲኤንኤው ፊደላት ቅደም ተከተል ሳይሆን በላዩ በሚለጠፉ የሜቲል ምልክቶችና በእንስሳው በሚኖሩት ባክቴሪያዎች ላይም ታይቷል። ከሁለቱ የትኛው ነው ጥበቃውን ወደ ልጅ የሚያሻግረው? ወላጁ ምልክቱን ያወርሳል ወይስ ባክቴሪያዎቹን? እጮች በንጹሕ ውኃ የሚያድጉባቸው ማራቢያዎች በጽዳታቸው የተነሣ ደካማ ኦይስተር እያመረቱ ይሆን? እነዚህን በአንድ ሙከራ መለየት የሚቻልበት መንገድ ከመካከላችሁ ያለው ሰው ካለ ቀዳሚውን ዕድል ለእርሱ እሰጣለሁ። መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።